የተወጋ የሚረሳበት ጨዋታ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ተረቱ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የሞላው አንድ የጨዋታ ሕግ ግን ይህን ገልብጦታል። በዚያ ሕግ የተወጋው ይረሳል። በሰይፍ ተመትቶ፣ ዘንዶ እሳት ተፍቶበት፣ ከገደል ወድቆ ይነሳና ምንም እንዳልነካው ሰው መዋጋቱን ይቀጥላል። የቀነሰበት ነገር ቢኖር ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

በስልኩ ጌም የሚጫወት ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል። ተዋጊው በተመታ ቁጥር የምታጥረዋ መስመር ናት። «የሕይወት ነጥብ» እንበላት። የተወለደችው ግን ስክሪን ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው እንዲህ ነው። ጥቂት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ። «በሩን እከፍታለሁ»፣ «ጭራቁን እወጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይወስናል። ነገሩ ተረት ነው፤ ልዩነቱ ሰሚው ራሱ ተረቱ ውስጥ መግባቱ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት የጦርነት ጨዋታዎች ለአንድ ሰው ሕይወት ብዙም አይጨነቁም ነበር። ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በ1971 ባሳተሙት «ቼይንሜይል» በተባለው የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ጨዋታ፣ ተራ ወታደር አንዴ ከተመታ አለቀለት፤ ከጠረጴዛው ይነሳል። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ውጊያ የተሰለፈ ትንሽ ምስል ነውና ማንም አያለቅስለትም።

ጣጣው የመጣው ከአሜሪካዋ ሚኒሶታ ነው። ዴቭ አርነሰን የተባለ ወጣት «ብላክሙር» በተሰኘ ምናባዊ አገር ጓደኞቹን ማጫወት ሲጀምር፣ ተጫዋቹ ያንኑ አንድ ጀግና ይዞ ደጋግሞ መምጣት ያዘ። ስም አወጣለት፤ ወርቅ ሰበሰበለት፤ ጠላት አፈራለት። ያን ሁሉ የደከመለትን ሰው ጭራቅ በአንድ ምት ሲገድልበት አንጀቱ ይቃጠላል። አርነሰን ከዓመታት በኋላ እንዳስረዳው፣ ተጫዋቾቹ ጭራቁን በአንድ ምት መግደል አላስከፋቸውም፤ ያስከፋቸው ጭራቁ እነሱን በአንድ ምት መግደሉ ነበር። መፍትሔውን ያገኘው ከመርከብ ነው። ቀደም ሲል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተዋጉት ብረት ለበስ መርከቦች ጨዋታ አዘጋጅቶ ነበር። መርከብ በአንድ ጥይት አትሰምጥም፤ የምትችለው መጠን አላት፣ እየተመታች ያ መጠን ያልቃል። አርነሰን ይህን የመርከብ ቆጠራ ወስዶ ለሰው ሰጠው። እሱና ጋይጋክስ በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ሲያወጡ ቆጠራው አብሮ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሕይወት ነጥብ ሲፈጠር ስለ ሰው ሥጋ የሚናገር ነገር አልነበረውም። ጀግናውን ለወደደ ተጫዋች የተደረገ ምሕረት ነበር። በኋላ የመጡት ተቺዎች ብዙ ጊዜ የዘነጉት ይህንን ነው።

ተቺዎቹ ደግሞ አልዘገዩም። ጦረኛው ደረጃው ባደገ ቁጥር ነጥቡም ያድጋል። ስለዚህ ጀማሪውን የሚገድል ሰይፍ አንጋፋውን ጭሮት ያልፋል። የሰው ሥጋ በልምድ ብዛት ይደነድናል እንዴ? ጋይጋክስ በ1979 ለጨዋታ መሪዎች ባወጣው መጽሐፍ፣ ነጥቡ ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ የውጊያ ችሎታ፣ ዕድልና የአማልክት ጥበቃም እንዳለበት ተከራከረ። መልሱ ብልህ ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው። የቀነሰው ዕድልና ችሎታ ከሆነ፣ ቁስል የሚፈውስ ጸሎት እንዴት መልሶ ይሞላዋል?

ሌሎች መልስ ሳይጠብቁ ሌላ ሕግ ጻፉ። ከነሱ አንዱ ስቲቭ ፔሪን ነው። ፔሪን በ1966 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው፣ አባላቱ ጥሩር ለብሰው በዱላ ሰይፍ የሚፋለሙበት ማኅበር መሥራቾች ከሆኑት መካከል ነበር። መመታት ምን እንደሚመስል ያውቃል። እሱና ባልደረቦቹ በ1978 ያወጡት «ሩንክዌስት» የሰውን አካል በሰባት ከፈለው፤ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። እግሩን የተመታ ይወድቃል፤ ክንዱን የተመታ ሰይፉን ይጥላል። አንጋፋው ሥጋው አይደነድንም፤ የሚያድገው መከላከሉ ነው። ነጥብ አልጠፋም፤ ግን አድራሻ አገኘ።

በ1986 ሮቢን ክሮስቢ ያወጣው «ሃርንማስተር» ከዚያም አልፎ ሄደ። ድምር የሚባለውን ጨርሶ አስቀረ። እያንዳንዱ ቁስል ለየብቻው ይመዘገባል፤ ለየብቻው ይድናል፤ ያመረቅዛልም። በዚህ ጨዋታ ከድል በኋላ በሦስተኛው ቀን በትኩሳት መሞት አለ። ጦር ሜዳን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1987 ጆናታን ትዊትና ማርክ ሬይን-ሄገን «አርስ ማጂካ»ን ሲያወጡ ሌላ መንገድ ያዙ፤ መሰላል። የተጎዳ ሰው አንድ እርከን ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር የሚያደርገው ሁሉ ይከብደዋል። ሬይን-ሄገን በ1991 ባወጣው «ቫምፓየር» ያንኑ መሰላል ሰባት እርከን አድርጎ ለብዙ ሺህ ተጫዋቾች አደረሰው።

እውነታው ግን ዋጋ አስከፈለ። የተጎዳ ይደክማል፤ የደከመ ይስታል፤ የሳተ እንደገና ይመታል። ተጫዋቾች ይህን የሞት ቁልቁለት ይሉታል። መጀመሪያ የመታ ያሸንፋል፤ የቀረው ጊዜ የሽንፈት ምልከታ ነው። ሥጋን በትክክል ለመቁጠር ሲሉ የአርነሰንን ምሕረት ጣሉት። ቁስሉ ይታወሳል፤ ተጫዋቹ ግን ተስፋ ቆርጦ ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

ቆይቶ የመጡት ጥያቄውን ራሱን ቀየሩት። ቁስል ምን ያህል ነው ማለቱን ትተው፣ ቁስል ምን ይለውጣል፣ ማንስ ይወስናል ብለው ጠየቁ። ጆን ሃርፐር በ2017 ባወጣው «ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ» ጉዳት በቁጥር አይጻፍም፤ በቃል ይጻፋል። «ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ» ተብሎ ወረቀቱ ላይ ይሰፍርና መሮጥ ሲያስፈልግ መንገድ ይዘጋል። ግን ተጫዋቹ እምቢ የማለት መብት አለው። ጉዳቱ ሲነገረው ከጭንቀት ሣጥኑ ከፍሎ ሊያቀለው ይችላል። ዘጠኙ ሣጥን ሲሞላ የማይሽር ጠባሳ በጠባዩ ላይ ይቀራል። አራተኛው ጠባሳ ጀግናውን ከሥራው ያሰናብተዋል።

ክሪስ ማክዳወል በ2014 ባወጣው «ኢንቱ ዘ ኦድ» ደግሞ የጋይጋክስን ክርክር የምሩን ያዘው። ነጥቡን የሕይወት ሳይሆን የጥበቃ ነጥብ አደረገው። ከምት የማምለጫ አቅም ነው፤ ጥቂት ዐረፍ ብሎ ውኃ ሲጎነጩ ይመለሳል። እሱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ምት ግን ጉልበትን ይበላል፤ ያ በቀላሉ አይመለስም። ጀግኖቹ ትንንሽ አይጦች በሆኑበት «ማውስሪተር» ደግሞ ቁስልና ረኃብ የዕቃ መያዣውን ቦታ ይይዛሉ። የቆሰለች አይጥ የምትሸከመው ያንሳል፤ ገመዱን ትጣል ወይስ ስንቁን?

«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ግን ነጥቡን አልለቀቀም። ሆኖም ነጥቡ ራሱ ድሮ እንደ ዛሬው ዘንጊ አልነበረም። በጋይጋክስ የ1970ዎቹ መጨረሻ ሕግ፣ አስማት የሌለው ቁስለኛ በቀን አንድ ነጥብ ብቻ ነበር የሚያገግመው፤ ሃያ ያጣ ሰው ሳምንታት ይተኛል። በ2014ቱ እትም የአንድ ሌሊት ዕረፍት ሁሉንም ይመልሳል። ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ማስታወሱ ነው።

ስለዚህ ጥፋቱን በቁጥር ላይ መደፍደፍ ትክክል አይደለም። በቀን አንድ የሚመለስ ቁጥር ከስንት ዝርዝር ሠንጠረዥ የበለጠ ቁስልን ያስታውሳል። የአርነሰን ምሕረት ተገቢ ነበር፤ የወደዱት ሰው በአንድ ዳይስ መሞት የለበትም። ግን ምሕረት ማለት ምንም እንዳልተከሰተ መቁጠር አይደለም። ከተሻሉት አማራጮች የሚገኘው ትምህርት ይኸው ነው፤ ጀግናው ይትረፍ፣ ነገር ግን ሲነጋ የትናንቱ ሰው ሆኖ አይነሳ። ሰይፍ መምዘዝ ምንም የማያስከፍልበት ጠረጴዛ ላይ ማንም ከመምዘዙ በፊት አያስብም። የተወጋው የሚያስታውስ ከሆነ ግን፣ «እንዋጋ ወይስ እንነጋገር?» የሚለው ጥያቄ ጨዋታው ውስጥ ይገባል።