መዝገብና ወሰን፦ ዕርዳታ፣ ሰላምና የመንግሥት ግንባታ በምዕራብ ሐረርጌ



ስለ ዕርዳታና ስለ መንግሥት ግንባታ ሲነገር ምሳሌው አብዛኛውን ጊዜ ከአፍጋኒስታን ወይም ከሶማሊያ ይመጣል። እኔ ዛሬ ከጭሮና ከሚኤሶ ልነሣ እወዳለሁ።

አሰበ ተፈሪ የጨርጨር መዲና የሆነችው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አገሩን ባስተዳደሩበት ዘመን ነው። ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች አርአያ ትሆን ዘንድ ታስባ ነበር፤ በኋላም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዚያው ተሹመዋል። የውጥኑ ፍሬ ነገር የባላገሩ ግብር የታወቀ፣ አስተዳደሩም ሥርዓት ያለው እንዲሆን ነበር። ተክለ ሐዋርያት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ መሆናቸውም ከዚሁ ሐሳብ የሚለይ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን መንግሥትና ሕዝብ የሚገናኙት በግብር መዝገብ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ሌላ መዝገብ ተከፈተ። በዚያ ዓመት በጥቅምት፣ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልሎች በሚከራከሩባቸው ከ420 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ የሚኤሶ አካባቢም አከራካሪ ነበር። በጥር ደግሞ መንግሥትና ለጋሾች ያቋቋሙት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራ ጀመረ። እነዚህን ሁለት ክንውኖች አንድ ላይ ማንበብ ይገባናል።

ሴፍቲኔት በየዓመቱ ይቀርብ የነበረውን የአስቸኳይ ዕርዳታ ልመና በታወቀ በጀት ለመተካት ታስቦ በመንግሥት መዋቅር በኩል የተዘረጋ ነው። ይህም ወረዳውን አበርትቶታል፤ ሥራ ማቀድን፣ ክፍያ ማድረስን፣ ሒሳብ ማወራረድን አስተምሮታል። ነገር ግን ተጠቃሚው የሚመዘገበው በቀበሌ ነው፤ ቀበሌውም የአንድ ክልል ነው። ስለዚህ «ቀበሌው የማን ነው?» የሚለው የወሰን ጥያቄ፣ «የማን ስም ይጻፋል?» ከሚለው የእህል ጥያቄ ጋር ተሣሠረ። አርብቶ አደሩ ሣርና ውኃ ተከትሎ ወሰኑን ይሻገራል፤ መዝገቡ ግን አይሻገርም።

ግጭቱን ዕርዳታ ወለደው ማለቴ አይደለም። የግጦሽ፣ የውኃና የንግድ መንገድ ሽሚያ ከሴፍቲኔት ይቀድማል፤ የታጠቀ ኃይልም ፖለቲካም አለበት። በ2010 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ግን የመዝገቡ ድካም ታየ። ከቀበሌው የወጣ ሰው፣ መዝገቡ ወዳለበት መመለስ ሳይችል፣ በደረሰበት ስፍራ እንደ አዲስ ተረጂ ተቈጠረ።

በዚህ ምድር የሰላም ሥራ ባለቤት አጥቶ አያውቅም። በኦሮሞ ዘንድ ጃርሱማና ጉማ፣ በሶማሌ ዘንድ ሔርና ማግ ደም ያደርቃሉ። ሽማግሌዎቹ ወሰን ይሻገራሉ፤ በጀት ግን የላቸውም። ዕርዳታው በጀት አለው፤ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። እኔ እንደማምነው ችግራችን ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። መፍትሔውም ከዚያው ይጀምራል፦ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ወረዳዎች የውኃ ጕድጓድን፣ ገበያንና የግጦሽ መሬትን በጋራ ያቅዱ፤ የሽማግሌዎች ስምምነትም በዚያ ዕቅድ ውስጥ ገንዘብ ይያዝለት።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ የዕርዳታ ሪፖርት ስታነቡ ስንት ኩንታል እንደታደለ ብቻ አትመልከቱ። ማን በየትኛው መዝገብ እንደተጻፈ፣ ማንስ ከወሰኑ ማዶ እንደቀረ ጠይቁ።