ከኮንትራት እስከ ኹሩጅ

እህቶቼ፣ ጁምዓ ሳፋ ላይ ቡና አፍልተን ስንቀመጥ ጨዋታችን አንድ ነው። «በምን ገባሽ? አሁን የት ነሽ? መቼ ነው የምትወጪው?» እንባባላለን። ይሄ ጥያቄ የቆየ ታሪክ አለው።

ከኛ በፊት የመጡት ብዙዎቹ የገቡት በሐጅና በዑምራ ቪዛ ነው። መካ ደርሰው፣ ዑምራቸውን አድርገው፣ ጅዳ ዘመድ ቤት ቀሩ። በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 ወጥቶ ኤጀንሲዎች በፈቃድ ሠራተኛ መላክ ሲጀምሩ ደግሞ የኮንትራቱ መንገድ ተከፈተ።

የኮንትራት ልጅ ኢቃማዋ ከከፊሏ ጋር የታሰረ ነው። ሳታስፈቅድ ከወጣች ሁሩብ ይመዘገብባታል። ይሄን እያወቀች ለምን ትጠፋለች? ደመወዝ ሲጠራቀምባት፣ እንቅልፍ ስታጣ፣ እጅ ሲነሳባት ነው። ሳዑዲ በ2005 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት ደግሞ አንድ ቀን ይገባት ነበር። ደንቡ ግን በየቤቱ በር አልገባም።

የጠፋችው ተመላላሽ ትሆናለች። ሥራው በሰው በሰው ይገኛል፤ አንዷ ማዳም ለእህቷ ትነግራለች፣ አንዷ ሐበሻ ለሌላዋ ቤት ታስረክባለች። ክፍያው በሰዓት ወይም በወር ነው፣ ከኮንትራቱም ይሻላል። ረመዳን ሲደርስ ስልኩ አያርፍም። ክረምት ላይ ቤተሰቡ ለሽርሽር ሲወጣ ግን ኪራይና ታክሲ ያስጨንቃል። ከታመምሽ ክፍያ የለም። ማዳም ብትከለክልሽም ኢቃማ ሳይኖርሽ የት ትከሻለሽ?

መውጣቱም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው አገሩ ለመግባት እንኳ መያዝ ነበረበት፤ ስንቱ ከንደራ ድልድይ ሥር አድሮ ፖሊስ እንዲወስደው ጠብቋል! ጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. አፈሳው ሲጀመር ደግሞ ጠባቂውም ተደባቂውም አንድ ላይ ተጠረገ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ የዓመታት ዕቃቸውን ጥለው በአንድ ሻንጣ ነው የገቡት። መንግሥታችንም በዚያው ወር የሥራ ጉዞውን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም. የ90 ቀን ምሕረት ሲጀመር የወጣም አለ፣ «ትንሽ ልሥራ» ብሎ የቀረም አለ።

ዛሬ ፈቃድ ያላቸው ኩባንያዎች ሠራተኛ በሰዓት ያከራያሉ፤ ማዳም በስልኳ ታዝዛለች፣ መኪና አድርሶ ይመልሳል። ሥራው ያው የኛ ተመላላሽ ነው። ልዩነቱ ኢቃማው የኩባንያው መሆኑና ከሰዓቱ ሒሳብም ኩባንያው ድርሻውን መውሰዱ ነው።

በ2006 የተመለሱት እህቶች ሲያወሩ ያንገበገባቸው አፈሳው ብቻ አልነበረም። የላኩት ብር በሰው ስም ቤትና ባጃጅ ሆኖ ጠበቃቸው። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ግቢ፣ የኮንትራትሽን ኮፒና የኢቃማሽን ፎቶ ለምታምኛት እህት ላኪ፤ የሠራሽበትን ቀንና የተቀበልሽውን ሪያል በደብተር ያዢ፤ አገር ቤት በራስሽ ስም ደብተር ክፈቺ። ኹሩጅ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም።