ዘረመልና የወንጀል ቅጣት፦ የትሪየስቴው ይግባኝ ያስነሣው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2007 በጣሊያን የሚኖር አንድ አልጄሪያዊ ዓይኑን በመኳሉ የሰደበውን ሰው በስለት ወግቶ ገደለ። የሥር ፍርድ ቤት የአእምሮ ሕመሙን ከግምት አስገብቶ 9 ዓመት ከ2 ወር እስራት ፈረደበት። በ2009 ጉዳዩ በትሪየስቴ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲታይ ግን ባለሙያዎች በአንጎል ምስልና በአምስት ዘረመሎች ምርመራ የተደገፈ ሪፖርት አቀረቡ። ዳኛው በተለይ ኤምኤኦኤ በተባለው ዘረመል ላይ ተመሥርተው ቅጣቱን በአንድ ዓመት ቀነሱ። ይህ ቅነሳ በቂ ምክንያት አልነበረውም ብዬ አምናለሁ።

ኤምኤኦኤ እንደ ሴሮቶኒን ያሉ ኬሚካሎችን በአንጎል ውስጥ የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚመረትበት ዘረመል ነው። አነስተኛ ኢንዛይም የሚያመርተው ዓይነት ብርቅ አይደለም፤ ከአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ሲሶ ያህሉ አላቸው፤ አብዛኞቹም በሰው ላይ እጃቸውን ሳያነሡ ይኖራሉ። ተመራማሪው ካስፒና ባልደረቦቹ በ2002 ይፋ ያደረጉት ጥናት በኒውዚላንድ ዳኒደን ከልደታቸው ጀምሮ የተከታተሏቸውን 442 ወንዶች ይመለከታል። ዘረመሉ ብቻውን ወደ ወንጀል አልመራም፤ አደጋው ጎልቶ የታየው በልጅነታቸው ግፍ በደረሰባቸው ላይ ነው። ይህም ቢሆን የብዙዎች አማካይ እንጂ የአንዱ ተከሳሽ ታሪክ አይደለም።

ልጅነቱንስ ማን መረጠ? የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ማንም ባሕርይውን ከሥሩ አልመረጠም። ሕግ ግን ይህን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ተከሳሹ የሚያደርገውን ያውቅ እንደነበርና ራሱን መግታት ይችል እንደነበር ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የሰውየውን ሕመምና ኑሮ የመረመረ ሐኪም እንጂ የዘረመል ውጤት አይደለም።

ማስረጃው ደግሞ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በ2012 በአሜሪካ 181 ዳኞች አንድን የፈጠራ ክስ እንዲዳኙ ተደርጎ ነበር። የተከሳሹ የሥነ ልቦና መዛባት ሥነ ሕይወታዊ መነሻ የተነገራቸው ዳኞች በአማካይ 12.83 ዓመት ሲፈርዱ፣ ያልተነገራቸው 13.93 ዓመት ፈረዱ። ሆኖም ያው መረጃ «ወደፊትም አደገኛ ነው» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል፤ ጥፋቱን የሚያቀልለት ምክንያት እስር ቤት የሚያቆየውም ይሆናል። ድሃው ተከሳሽ ደግሞ ምርመራውን የሚያስደርግለት ባለሙያ አያገኝም።

ስለዚህ ዳኞች ለተረጋገጠ ሕመምና በልጅነት ለደረሰ ግፍ ተገቢውን ክብደት ይስጡ። የዘረመል ምርመራ ብቻውን ግን ከማንም ቅጣት ላይ አንዲት ቀን ሊቀንስም፣ አንዲት ቀን ሊጨምርም አይገባም።