የምድር ባቡርና የአውራጃዎች ዕድል፤ ስለ ሐረርና ስለ ድሬዳዋ የቀረበ አጭር ጥናት

ስለ ጅቡቲና ስለ አዲስ አበባ የምድር ባቡር ብዙ ተጽፏል። የሚበዛው ጽሑፍ ግን ስለ ውሉ፣ ስለ ኩባንያዎቹ ችግርና ስለ ኃያላን መንግሥታት ክርክር የሚናገር ነው። በዚህ አጭር ጥናት እኛ የምንመረምረው ሌላውን ወገን ነው፤ ይኸውም ሐዲዱ በመዘርጋቱ የትኛው ከተማና የትኛው አውራጃ ተጠቀመ፣ የትኛውስ ተጐዳ የሚለውን ነው። ይህንም የምናደርገው ያለፈውን ለማወቅ ብቻ አይደለም። ዛሬም አዲስ ሐዲድ ወይም አዲስ መንገድ ሲታሰብ ጥቅሙ በአገሪቱ ጠቅላላ ድምር ይገመታል። በእኛ አስተያየት ግን ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የኢትዮጵያን ነገር በዓመተ ምሕረት፣ የውጭ አገሮቹን በአውሮፓ አቈጣጠር ሰጥተናል።

በመጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት ውል ሐዲዱን በሦስት ክፍል ያስበው ነበር። አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነበረ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ነገር ግን ሐረር ያለችው ከፍ ባለ ደጋ ላይ ስለ ሆነ ሐዲዱን ተራራ ለማስወጣት የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ከበደ። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በደጋው ግርጌ በቈላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ባቡሩ የደረሰበት ስፍራ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ እርሱም ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ከተማ ነው። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥቶ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. ሁለተኛ ውል ተሰጥቶ ሥራው በአዲስ ኩባንያ ቀጠለና በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። በቅፍለት ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ የነበረው የ784 ኪሎ ሜትር ጉዞ በባቡር ሦስት ቀን ሆነ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሐረር ለብዙ መቶ ዓመታት በመካከለኛው አገርና በዘይላ ወደብ መካከል የነበረች ታላቅ ገበያ ናት። ሐዲዱ ወደ ጅቡቲ በመሄዱ ዘይላ ንግዷን አጣች። ሐዲዱ በግርጌዋ በማለፉ የሐረር ነጋዴና ዕቃ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። በሸዋ በኩልም በአንኮበር ግርጌ የነበረው፣ ቅፍለቶች ይራገፉበት የነበረው የአልዩ አምባ ገበያ ንግዱ ወደ አዲስ አበባ ሲዞር ከቀድሞ ክብሩ ዝቅ አለ። በአንጻሩ ጅቡቲ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ አደጉ። ድሬዳዋ ከደቻቱ ወዲህ የኩባንያው ሠፈር ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶች ተሠራ፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በነጋዴ ሞላ። ስለዚህ ሐዲዱ ሀብትን ጨመረ ብቻ ሳይሆን ሀብትን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው አዛወረ ማለት ነው።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የኤኮኖሚ ሊቃውንት ሞዴል የሚሉት የሒሳብ ምሳሌ ይረዳናል። ጀርመናዊው ባለ ርስት ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቲውነን በ1826 ባወጣው መጽሐፍ፣ በአንድ ከተማ ዙሪያ ምን እንደሚዘራ የሚወስነው የመሬቱ ለምነት ብቻ ሳይሆን እስከ ገበያው ድረስ ያለው የማመላለሻ ዋጋ መሆኑን አሳየ። ለምሳሌ ያህል በወደብ ላይ አንድ ኩንታል ቡና 100 ብር፣ አንድ ኩንታል ማሽላ 20 ብር ያወጣል እንበል። አንድ ኩንታል በአጋሰስ 1 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ 10 ሳንቲም ቢጠይቅ፣ የገበሬውን ድካም ሳንቈጥር ማሽላው 200 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ዋጋውን ኪራዩ ጨረሰው። ቡናው ግን እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር መጓዝ ይችላል። ከሐዲዱ በፊት ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው ንግድ ይበልጡን ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ የሆነበት ምክንያት በዚህ ይገለጻል፤ ሸክማቸው ቀላል፣ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነበርና።

አሁን ደግሞ ባቡር መጥቶ ዋጋው በኪሎ ሜትር ወደ 2 ሳንቲም ወረደ እንበል። 300 ኪሎ ሜትር በሐዲድ 6 ብር ይሆናል። ነገር ግን ከጣቢያው 60 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ገበሬ ምርቱን እስከ ጣቢያው በአጋሰስ ለማድረስ እርሱም 6 ብር ይከፍላል። እንግዲህ 60ው ኪሎ ሜትር ከ300ው ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ሐዲዱ ወደ አውራጃው መግባቱ ለአውራጃው ሁሉ ጥቅም አለመሆኑን፣ ወደ ጣቢያው የሚያደርሰው መጋቢ መንገድም ከሐዲዱ ያላነሰ ጕዳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የጥቅሙን መጠን በሒሳብ ለመመዘን ከሞከሩት ውስጥ ስመ ጥር የሆነው አሜሪካዊው የታሪክና የኤኮኖሚ ሊቅ ሮበርት ፎገል ነው። እርሱ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ «ባቡር ባይኖር ኖሮ ያው ዕቃ በምን ያህል ተጨማሪ ወጪ ይጓዝ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አሜሪካ ጀልባ የሚሄድባቸው ወንዞችና ቦዮች ስለ ነበሯት፣ በ1890 የእርሻ ምርትን በባቡር በማመላለስ የተገኘው ትርፍ ብዙዎች ከገመቱት በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘው። ጆን ኮትስወርዝ ይህንኑ አካሄድ ለሜክሲኮ ሲሠራበት ግን ትርፉ እጅግ ከፍ ያለ ሆነ፤ በዚያ አገር የባቡሩ ምትክ የበቅሎ ጭነትና ጋሪ ነበርና። ሆኖም ኮትስወርዝ በ1981 መጽሐፉ ያስገነዘበው፣ ትርፉ ታላቅ ቢሆንም ሐዲዱ ኤኮኖሚውን ወደ ውጭ ንግድ እንዳዞረውና ልማቱ ለሕዝቡ እኩል እንዳልደረሰ ነው።

የኢትዮጵያ ነገር ከአሜሪካ ይልቅ ወደ ሜክሲኮ ይቀርባል። በምሥራቅ የባቡሩ ምትክ ግመልና በቅሎ ነበረ። በምዕራብ ብቻ በባሮ ወንዝ ላይ ክረምት ክረምት መርከብ ወደ ጋምቤላ ስለ ሚመጣ የምዕራቡ ቡና በሱዳን በኩል መውጫ አግኝቶ ነበር። እስከ ከፋ ይደርሳል የተባለው ሦስተኛው ክፍል ሳይሠራ ቀርቷልና። ስለዚህ በጠቅላላው ድምር ሐዲዱ ታላቅ ትርፍ ሰጠ ብንል አንሳሳትም። ነገር ግን የፎገል ሒሳብ ትርፉ በማን እጅ እንደ ቀረ አይነግረንም። ኩባንያው ዋጋውን ከግመል ኪራይ ጥቂት ብቻ ቢያሳንሰው፣ ትርፉ ሁሉ የኩባንያው እንጂ የገበሬው አይሆንም።

ሐረር ሐዲዱ ቢያልፋትም አልሞተችም። ለዚህም አንዱ ምክንያት ጫት ነው። ጫት በተቈረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተሸጠ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ለእርሱ ወጪው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት ከድሬዳዋ ወደ ዓደን በአውሮፕላን መጫን ሲጀመር፣ በሐረር ዙሪያና በሐሮማያ ያለው ገበሬ ገበያው ቀረበለት፤ እርሻውም ቀስ በቀስ ወደ ጫት ዞረ።

ድሬዳዋም በተራዋ ሐረር የደረሰባትን አየች። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ የአሰብ ወደብና የጭነት መኪና ከሐዲዱ ንግድ ተሻሙ። በ1969 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው ጉዞው ተቋረጠ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ንግድ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ፤ ነገር ግን አብዛኛው በሚሌና በጋላፊ በኩል በመኪና ስለ ሄደ በድሬዳዋ አላለፈም። ያረጀው ሐዲድም ጥገና አጥቶ ቆመ፤ የባቡር ሠራተኛውና በጣቢያው ዙሪያ ይነግድ የነበረው ሕዝብ እንጀራው ተጓደለ። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው አዲሱ ሐዲድ ድሬዳዋን እንደገና ከባሕር ጋር አገናኝቷታል። ሆኖም አዲሱ ጣቢያ የተሠራው እንደ ከዚራው በከተማው መካከል ሳይሆን ከከተማው ውጭ ነው። ስለዚህ የመጋቢው መንገድ ጥያቄ ዛሬም ከፊታችን አለ።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት አንድ የማመላለሻ ሥራ ሲታሰብ ሦስት ሒሳብ ለየብቻ እንዲሠራ እናሳስባለን። አንደኛው የአገሪቱ ጠቅላላ ትርፍ ነው። ሁለተኛው የየአውራጃው ነው፤ በዚህም ሐዲዱ የሚያልፋቸው ከተሞች ጉዳት ከትርፉ ጎን መጻፍና መካሻው አብሮ መታሰብ ይገባዋል። ሦስተኛው የዘመን ሒሳብ ነው፤ ይኸውም ከ30 ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ሐዲዱን ማን ይጠግነዋል፣ ንግዱ መንገዱን ቢለውጥስ በጣቢያው ዙሪያ የሠፈረው ሕዝብ በምን ይኖራል የሚለው ነው። በ1886 ዓ.ም. ውሉ ሲፈረም የመጀመሪያው ክፍል መድረሻ ሐረር ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ የተራራው ወጪ መድረሻውን ሲለውጥ፣ የሐረር ነጋዴ ጉዳት በማንም መዝገብ አልገባም። ዛሬ ግን ይህን ሒሳብ ለመሥራት ዕውቀቱ በእጃችን ስላለ፣ ሳይሠራ ቢቀር ምክንያት ልናቀርብ አንችልም።