ከሰማይ የወረደ አዋጅ

ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እኛ ሰፈር፣ ልደታ ነበር። ዛሬም ቦታው «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ታማትብ ነበር። የማይጨው ዘመን ሰው ናት፤ በ1928 ዓ.ም. ከሰማይ ይወርድ የነበረው ቦምብና የመርዝ ጋዝ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ከዚያው ሰማይ ወረቀት ወረደ።

ስለዚህ ወረቀት ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ ፊደል ለቀማ ነበር፤ የእርሳስ ፊደል ከሣጥን እያነሣሁ ስደረድር ነው ዕድሜዬ ያለፈው። የማተሚያ ቤት ሰው ደግሞ አንድ ወረቀት እጁ ሲገባ ከቃሉ አስቀድሞ መልኩን ያያል።

ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። እስከዚያች ቀን እንግሊዝ ጣልያን ኢትዮጵያን መያዟን አውቃ፣ ዝም ብላ ነበር፤ ጃንሆይም በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠዋል። ጦርነቱ ሲነሣ የተረሳው ንጉሥ ድንገት ተፈለገ። ወር ሳይሞላ ካርቱም ደረሱ። የፕሮፓጋንዳውን ሥራ የያዘው ጆርጅ ስቲር ነው፤ የታይምስ ጋዜጠኛ ሳለ የስፔኗን ከተማ የጌርኒካን በቦምብ መደብደብ ለዓለም ያሰማ ሰው። ጎጃም ድረስ ተደብቆ ገብቶ የአርበኞቹን ሁኔታ አይቶ የተመለሰው ሎሬንሶ ታእዛዝም ከጃንሆይ ጎን ነበር። በዚያው ክረምት የጃንሆይ አዋጅ ታተመና የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ይበትኑት ጀመር። ቆይቶም «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ ተከተለ።

በአዋጁ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ የአንበሳ ማኅተም አለ። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ማኅተሙን ያውቀዋል። የተማረ ቄስ ወይም ደብተራ ደግሞ አንዷን ቅጠል ይዞ ካነበበ፣ መንደሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። አገራችን አዋጅ በጆሮ ሲሰማ የኖረባት አገር ስለሆነች፣ ወረቀቱ የነጋሪቱን ሥራ ተክቶ ሠራ። ጣልያንም ቢሆን ወረቀት አላጣም፤ «የሮማ ብርሃን» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ነበረው። ያጣው የሚታመን ማኅተም ነው።

አሜሪካኖች ቶማስ ፔይን በ1776 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ ያሳተማትን ትንሽ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያወድሷታል። እውነት አላቸው፤ ከእንግሊዝ ንጉሥ መለየትን አፍ አውጥቶ ለመናገር ገና ያመነታ የነበረውን ሕዝብ በክርክር አሳመነች፤ በስድስት ወሩ ነፃነት ታወጀ። የእኛ ወረቀት ግን ማንንም «ጣልያን ይውጣ» ብሎ ማሳመን አላስፈለገውም። በላይ ዘለቀና መንገሻ ጀምበሬ በጎጃም፣ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ የውስጥ አርበኞች እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ አንድም አውሮፕላን ሳይመጣላቸው ሲታገሉ ኖረዋል። ወረቀት ነው አገሩን ያስነሣው የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ታዲያ ወረቀቱ ምን ሠራ? የሚያመነታውን ሰው አገኘ። ለባንዳው፣ ለጣልያን ወታደር ሆኖ ለሚዋጋው አስካሪ፣ «ንጉሡ አይመለስም» ብሎ ለገበረው ባላባት ጊዜው መዞሩን ነገረው። አዋጁ ከመረብ ወዲያ፣ በኤርትራ ላለውም ሰው የተላከ ነበር፤ ከረን ላይ ጦርነቱ ሲፋፋም ብዙ አስካሪ እየከዳ ወጣ። ረሃቡና የጣልያን መዳከም ባይኖር ወረቀት ብቻውን እንደማያስከዳ ግልጽ ነው። ለመክዳት ላሰበ ሰው ግን ማኅተም ያለበት ቃል ዋስ ሆነው።

ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። በአራተኛው ቀን ግንቦት ልደታ ነበረች። እናቴ የዚያን ዓመቱን የልደታ ንፍሮ ጣዕም ስታወራ አትጠግብም ነበር።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል። አዋጁ እንግሊዝ ሙሉ ነፃነታችንን ለማስመለስ እንደምትረዳ ይናገራል፤ የበተኑትም ራሳቸው እንግሊዞች ናቸው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ግን የእንግሊዝ ጦር አገሪቱን ከጠላት እንደተያዘ ግዛት ቆጥሮ ያስተዳድር ጀመር። በ1934ቱ ውል የእንግሊዝ አማካሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ፤ ባቡሩና ኦጋዴንም በእጃቸው ቀረ። በ1937ቱ ውል አብዛኛው ተነሣ፤ ሐውድ የተባለው የምሥራቁ የድንበር ምድር እስኪመለስ ግን 1947 ዓ.ም. ደረሰ።

ያን ሁሉ ዓመት ኢትዮጵያውያን የተከራከሩት ባዶ እጃቸውን አልነበረም። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኢደን በጥር 1933 ዓ.ም. ነፃ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግም ቢነሣ እንግሊዝ በደስታ እንደምትቀበል ለፓርላማው ተናግሮ ነበር፤ አዋጁ ደግሞ በየገጠሩ ተነቧል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኔ በሙያዬ የተማርኩት ደግሞ የታተመ ቃል አሳታሚውንም እንደሚያስጠይቅ ነው። ሕዝብን በነፃነት ስም የጠራ ሁሉ፣ ጠላት ከሄደ በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዞ የሚጠይቀው ሰው ይመጣበታል።