በዋይት ደሴት ስለ ቆመው ምሰሶ

በእንግሊዝ አገር ከደቡቡ የባሕር ዳር ፊት ለፊት ዋይት የምትባል ደሴት አለች። ማርኮኒ በ1897 ዓ.ም. (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በምዕራብ ጫፏ ረዥም ምሰሶ ተክሎ ያለ ሽቦ ከመርከብ ጋራ መልእክት ይለዋወጥ ነበር።

ከ61 ዓመት በኋላ፥ ኦገስት 30 ቀን 1958 ዓ.ም.፥ ቺለርተን ዳውን በተባለው ኮረብታዋ ላይ ከቆመው የብረት ምሰሶ ሰዘርን የተባለው ኩባንያ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀመረ። የምሰሶው ቁመት 229 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ዙሪያውን በብረት ገመድ ተወጥሮ የቆመ ነው። እንዲህ መርዘሙም የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ኮረብታ ከጋረደው ከወዲያ ላለው ቤት በደኅና ስለማይደርስ ነው። ስለዚህም ደሴቲቱ ከባሕሩ ማዶ ላሉት ለሳውዝሃምፕተንና ለፖርትስመዝ ሰዎች እንደ መቅረዝ ሆነችላቸው፤ ተመልካቹ የሚበዛው ማዶ ነበርና።

ኩባንያው ግን ፈቃዱ ሳይታደስለት ቀርቶ በ1981 መጨረሻ ሥራውን አቆመ። ምስሉን በ405 መስመር የሚሥለው አሮጌው የቴሌቪዥን ዓይነትም በ1985 መጀመሪያ በአገሩ ሁሉ ቀረ፤ የቴሌቪዥኑም ሥራ በዚያችው ደሴት በ1954 ለተከፈተው ለሮውሪጅ ማሰራጫ ተተወ። የቺለርተን ምሰሶ ግን አልፈረሰም፤ ለዓይን የተተከለው ለጆሮ አገልጋይ ሆኖ የራዲዮ ማሰራጫ ሆነ።