አሞሌና የላም ጽንስ

ከአፋር ቆላ፣ ከአርሆ የጨው ሜዳ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ፣ ለብዙ ዘመን በገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል መኖሩን የታሪክ መጻሕፍት ይተርካሉ፤ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው እስክንድርያዊው ነጋዴ ኮስማስም፣ የአክሱም ነጋዴዎች በሬና ጨው ብረትም ይዘው ወርቅ ወደሚገኝበት አገር ይወርዱ እንደ ነበር ጽፎአል። እኔ ግን ላነሣው የምወደው ያው አሞሌ በባላገር ቤት ተሰባብሮ ለከብት የሚደርሰውን ነው።

ላማችን ጎኗ ሰፍቶ፣ ግቷም ሞልቶ መውለጃዋ በተቃረበ ጊዜ፣ አያቴ አሞሌውን በመጅ አድቅቀው በመዳፋቸው ይዘው ወደ በረት ሲገቡ፣ እርሷ አንገቷን አስግጋ እጃቸው እስኪቀላ ድረስ በሻካራ ምላሷ ትልሰው ነበር፤ ከጠላው የተረፈው አተላም በገበቴ የሚቀርበው ለእርሷ ነበር። ላም ጽንሷን ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ያህል ስትሸከም፣ ጥጃው ከክብደቱ የሚበዛውን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነውና፣ ይህን ሥርዓት ያቆሙትን አበው ዐይናቸው አላታለላቸውም። የሚያሳዝነው፣ ኮርማ ባጠቃት ሰሞን ያቺው ላም ከመንጋው ጋር ደረቅ ጭድ ስታመነዥክ፣ በማኅፀኗ እንግዳ ማደሩን የሚጠረጥርላት አለመኖሩ ነው።

የጥንት ሰዎች ግን የፅንሰት ሰዓት ብርቱ መሆኑን በልባቸው ሳያውቁት አልቀሩም፤ በኦሪት ዘፍጥረት በ30ኛው ምዕራፍ ያዕቆብ የተላጡትን በትሮች በማጠጫው ገንዳ ያኖረው መንጎቹ በሚፀንሱበት ጊዜ ነበርና። የዛሬው ሊቅ በትሩን ትቶ መኖውን ይመረምራል። ሁለት ወር የሞላው ጽንስ በቁመቱ ከአይጥ ባይበልጥም፣ ልቡ መምታት ከጀመረ ሰንብቷል፣ እግሮቹና ዋና ዋና ብልቶቹም ተለይተዋል፤ ከእናቱ ሲሳዩን የሚቀበልበት የእንግዴ ልጅም ሥሩን የሚሰድደው በዚሁ ወራት ነው። በአየርላንድ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከመፅነሳቸው 11 ቀን አስቀድሞ እስከ 110ኛው የፅንሰት ቀን ድረስ ሰውነታቸውን ለማቆየት ከሚበቃቸው መኖ ከመቶ 60 እጁን ብቻ እየበሉ የቆዩት ጊደሮች፣ የወለዷቸው ጥጆች በክብደት ጠግበው ከበሉት ጊደሮች ጥጆች አላነሱም፤ ሴቶቹ ጥጆች አድገው ሲመረመሩ ግን የዕንቁላላቸው ክምችት ጎድሎ፣ የደማቸውም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ።

ይህን ወደ አገራችን ወራት ስመልሰው ልቤ ይነካል። በጥቅምት የተጠቃች ላም የመጀመሪያ ወራቷን በለመለመ ሣርና በአጨዳ ማግስት ቃርሚያ ታሳልፋለች፤ በጥር የተጠቃችው የጽንሷን መሠረት የምትጥለው በየካቲትና በመጋቢት ራብ ውስጥ ነው፤ ኋላ ክረምቱ በሣር ስለሚያጠግባት ጥጃዋ በጥቅምት አምራ ትወለድና ባለቤቷ ደስ ይለዋል፤ ያቺ ጥጃ ጊደር ሆና ሳትፀንስ ብትቀር ግን ነገሩን ከዚያ ከየካቲት ጋር የሚያያይዝ ማን አለ?

ከልማዶቻችን ለዚህች ላልታወቀላት ላም የሚደርስላት መንጋን ወደ ሆራ መንዳት ይመስለኛል፤ ራቧን ባያስታግሥላትም ማዕድኑን አይነፍጋትም። አሞሌው ለከበደችው ተመርጦ ሲሰጥ፣ ወደ ሆራው ግን በሬውም ወይፈኑም ጥገቷም በአንድነት ይወርዳሉ፤ በመካከላቸውም ትናንት የተጠቃችው ጊደር እስከ ጉልበቷ ገብታ፣ እረኛው ስለ እርሷ ምንም ሳያውቅ፣ ጨዋማውን ውኃ እስክትረካ ትጠጣለች።